ሐኪሙ አልጋ ላይ ሲውል

ሐኪም የሚታመም አይመስለንም። ነጭ ካፖርቱን ለብሶ፣ ማዳመጫውን አንገቱ ላይ አንጠልጥሎ በኮሪደር ሲያልፍ ያየነው እንደሆነ፣ መታመም የእኛ፣ ማዳን ደግሞ የእሱ ድርሻ ሆኖ ይታየናል። ልጇን አዝላ ገና ሳይነጋ ካርድ ክፍል ፊት ወረፋ የያዘች እናት ብርዱንና ድካሙን የምትችለው «ሐኪሙ ያውቀዋል» ብላ ነው። ሐኪሙ ራሱ አልጋ ላይ ውሎ፣ የሙያ ባልደረቦቹ በዙሪያው ቆመው «ምን እንደያዘህ አላወቅንም» ያሉት እንደሆነስ?

ለዛሬው ዓምዳችን የመረጥነው ታሪክ ይኸው የደረሰበትን ሰው ይመለከታል። ስሙ ዴቪድ ፋይገንባውም ይባላል፤ አሜሪካዊ ነው። ዛሬ በፔንሲልቫኒያ ዩኒቨርሲቲ የታወቀ ሐኪምና ተመራማሪ ቢሆንም፣ በሽታው ሲጥለው የ25 ዓመት ወጣትና የሦስተኛ ዓመት የሕክምና ተማሪ ነበር። የደረሰበትን ሁሉ በ2019 ባሳተመው መጽሐፍ ተርኮታል። በዚህ ጽሑፍ የምንጠቅሳቸው ዓመቶች በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን አንባቢዎቻችን ልብ እንዲሉልን እንጠይቃለን።

ነገሩን ከእናቱ መጀመር ይሻላል። ዴቪድ ያደገው በሰሜን ካሮላይና ነው። አባቱ የአጥንት ቀዶ ጥገና ሐኪም ናቸው። እሱ ደግሞ ኳስ ተጫዋች ነበር፤ ኳሱም አሜሪካኖች በእጅ ይዘው እየተጋፉ የሚጫወቱት ዓይነት ነው። በ2003 ዋሽንግተን ወደሚገኘው ጆርጅታውን ዩኒቨርሲቲ ገብቶ ትምህርቱን ገና እንደ ጀመረ፣ እናቱ የአንጎል ካንሰር እንደያዛቸው ተነገረው። ከአንድ ዓመት በኋላ፣ በ2004፣ እናቱ አረፉ። በትምህርት ቤት ሆኖ የእናቱን ሞት የሚጠብቅ ልጅ እንዴት እንደሚያድር የደረሰበት ያውቀዋል፤ የጓደኞቹ ወሬ የፈተናና የጨዋታ ነው፤ የእሱ ጆሮ ግን ስልክ ላይ ነው። ዴቪድ ይህንኑ በማየት ወላጅ የታመመባቸውና የሞተባቸው ተማሪዎች እርስ በርስ የሚጽናኑበት ማኅበር አቋቋመ። የማኅበሩ ስም ሲያጥር የእናቱን የስም መነሻ ፊደላት እንዲሰጥ አድርጎ ነው የሰየመው። ሐኪም ሆኖ ካንሰርን ለመዋጋት የቆረጠውም በዚሁ ሐዘን ውስጥ ነበር።

ከዚያ ስድስት ዓመት አለፈ። በ2010 ሐምሌ ወር ላይ ዴቪድ በማህፀንና በወሊድ ሕክምና ክፍል ልምምድ ላይ ነበር። ድካም ይሰማው ጀመር። ድካሙ የእንቅልፍ እጦት ድካም አልነበረም። ከአንዱ በሽተኛ ወደ ሌላው ሲሄድ ባዶ ክፍል እየፈለገ ጥቂት ደቂቃ ካላሸለበ መቆም አቃተው። ሌሊት በላብ ይጠመቃል። አንገቱ ላይ ንፍፊት አበጠ። ሆዱን ያመዋል፣ እግሩ ውኃ ይቋጥራል፣ ደረቱ ላይም ደም የቋጠሩ ትናንሽ ቀይ ነጥቦች ወጡ። እነዚህን ነጥቦች አንባቢዎቻችን እንዲያስታውሱልን እንፈልጋለን፤ በኋላ እንመለስባቸዋለን።

ሐኪም ለመሆን የሚማር ሰው ይህን ሁሉ ምልክት በራሱ ላይ እያየ ለምን ዝም አለ? ያው እንደ ሁላችን ነው። ፈተና ነበረበት። ስፖርተኛ ነውና ጉልበቱን ይተማመን ነበር። ፈተናውን ጨርሶ ወደ ድንገተኛ ክፍል ገባ። የደም ምርመራው ውጤት ሲመጣ ጉበቱ፣ ኩላሊቱና የአጥንቱ መቅኔ ሥራቸውን እያቆሙ መሆናቸው ተነገረው፤ ወዲያው አስተኙት። ጠዋት ፈተና የተቀመጠ ተማሪ ማታ የራሱ የበሽተኛ ቁጥር ያለው ሰው ሆነ።

ከዚያ በኋላ የሆነው የምርመራ ጋጋታ ነው። የግራ ዓይኑ ውስጥ ደም ፈሶ ለጊዜው ማየት ተሳነው። ሐኪሞቹ በመጀመሪያ የንፍፊት ካንሰር ጠረጠሩ፤ አልሆነም። ተላላፊ በሽታ ፈለጉ፤ አልተገኘም። ሳምንታት አለፉ። አባቱ ሐኪም፣ እሱ የሕክምና ተማሪ፣ የተኛው በታላቅ የማስተማሪያ ሆስፒታል፤ ይህ ሁሉ ተደምሮ የበሽታውን ስም ሊያመጣ አልቻለም። «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም» ይባላል። እርሱ ግን የደበቀው ነገር አልነበረም፤ ሰውነቱን ገልጦ አሳይቷል፣ ደሙንም በየቀኑ ሰጥቷል።

ስም የሌለው በሽታ ከሕመሙ ሌላ የራሱ ጭንቀት አለው። ወባ ነው ወይም ታይፎይድ ነው የተባለ ሰው ቢያንስ ለጠያቂ የሚመልሰው አለው። ጠያቂ ገብቶ ያመጣውን ብርቱካን ከራስጌ አኑሮ «ምን አገኘው ነው የሚሉት?» ብሎ ሲጠይቅ፣ «ገና አልታወቀም» የተባለ እንደሆነ ፊቱ ይለዋወጣል። ከበር ሲወጣ ከሌላው ጠያቂ ጋር የሚያንሾካሹከውን አስታማሚዋ ሳትሰማው አትቀርም። አንዱ «ደብቀውት ነው እንጂ» ይላል፤ ሌላው ዓይነ ጥላ ነው ይላል፤ ሦስተኛው ደግሞ ሐኪም ይጠቁማል። ቤተሰቡ ታማሚውን ከማስታመም ይልቅ ለሰው አፍ መልስ በመፈለግ ይደክማል። በአሜሪካም የሰው ልብ ያው ነው። ዴቪድ በተኛበት ጊዜ ከጥቂት ወራት በፊት የተለያያት ፍቅረኛው ልትጠይቀው ብትመጣ፣ በዚያ ሁኔታ እንድታየው አልፈለገምና በእኅቱ በኩል እንድትመለስ አስደርጓታል። የወደዱትን ሰው ከበር የሚያስመልስ ሕመም እንዲህ ያለው ነው።

ሰባት ሳምንት ያህል ተኝቶ፣ ለምን እንደታመመ ሳይታወቅ እንደታመመ ሁሉ፣ ለምን እንደተሻለው ሳይታወቅ ተሽሎት ወጣ። ብዙም ሳይቆይ በሽታው ተመልሶ ጣለው። በዚህኛው ጊዜ ከንፍፊቱ ተቆርጦ የተመረመረው ናሙና ስሙን አመጣ። ከመጀመሪያው ቀን አንሥቶ 11 ሳምንት ያህል መፍጀቱ ነው። በሽታው ካስልማን ይባላል። ስሙን ያገኘው በቦስተን ማሳቹሴትስ ጄኔራል ሆስፒታል ይሠሩ ከነበሩትና በ1950ዎቹ ዓመታት በሽታውን መጀመሪያ ከገለጹት ዶክተር ቤንጃሚን ካስልማን ነው። የዴቪድ ዓይነቱ ብዙ ንፍፊቶችን በአንድ ጊዜ የሚያጠቃው ነበር።

የበሽታው ጠባይ እንዲህ ነው። ሰውነታችንን ከተውሳክ የሚጠብቀው የመከላከያ ኃይል ያለ ምክንያት ይቆጣል። የሚያመነጫቸው ንጥረ ነገሮች፣ በተለይም ኢንተርሉኪን 6 የተባለው፣ ከልክ በላይ ይበዛሉ፤ ጉበትን፣ ኩላሊትን፣ መቅኔን ያዳክማሉ። ዘበኛው የሚጠብቀውን ቤት ሲያፈርስ ማለት ነው። የሚያስቆጣው ነገር ምን እንደሆነ ስላልታወቀ ሐኪሞች በስሙ ላይ «ኢዲዮፓቲክ» የምትል የግሪክኛ ቃል ይጨምሩበታል። ምክንያቱ አይታወቅም ለማለት ነው፤ በግሪክኛ ሲነገር ግን የታወቀ ይመስላል።

ስም መገኘቱ ብቻውን ብዙም አልፈየደም። በ2010 ኅዳር ላይ ዴቪድ በጣም ደክሞ ቄስ ተጠርቶ፣ ነፍሱ ልትወጣ ለተቃረበች ሰው የሚደረሰውን ጸሎት አደረሱለት። አባቱና ሁለቱ እኅቶቹ በአልጋው ዙሪያ ነበሩ። ለካንሰር የሚሰጠው ኬሞቴራፒ ከሞት አፋፍ መለሰው። በሽታው ግን ሄዶ የሚመለስ ነውና፣ በኋላ ባገረሸበት ጊዜ ሰባት መድኃኒቶች ባንድነት ተሰጡት።

ከሰባቱ አንዱ ታሊዶማይድ ነበር። ይህን ስም ዕድሜያቸው የገፋ አንባቢዎቻችን ሳይሰሙት አልቀሩም። በ1957 በምዕራብ ጀርመን ለእንቅልፍ ማጣት መሸጥ ተጀምሮ፣ ለነፍሰ ጡሮች የማለዳ ማቅለሽለሽ ጭምር ይታዘዝ የነበረ ነው። ከ10,000 የሚበልጡ ሕፃናት እጅና እግራቸው ሳይሟላ እንዲወለዱ ምክንያት ሆኖ በ1961 ከገበያ ወጣ። ያው መድኃኒት ዛሬ ነፍሰ ጡር እንዳትነካው ብርቱ ጥንቃቄ እየተደረገ ለመቅኔ ካንሰርና ለሥጋ ደዌ ሕመምተኞች ይታዘዛል። አንዱን ቤት ያጨለመ መድኃኒት በሌላ ቤት መብራት መሆኑ ይገርማል። በማን እጅ፣ ለማን፣ በምን መጠን የሚለው ነው ልዩነቱ።

በዚያን ጊዜ ዴቪድን ይከታተሉት የነበሩት የበሽታው ልዩ ዐዋቂ፣ በአርካንሶ ግዛት የሚሠሩት ዶክተር ፍሪትስ ቫን ሬ ናቸው። ኢንተርሉኪን 6ን የሚያግድ ሲልቱክሲማብ የተባለ መድኃኒት ገና በሙከራ ላይ ነበርና ጀመሩለት። ተስፋ አደረገ። ወደ ትምህርቱ ተመለሰ፤ ከፍቅረኛውም ጋር ታረቀ። ከአንድ ዓመት በላይ ደኅና ሰንብቶ በ2012 በሽታው መድኃኒቱን እየወሰደ ሳለ ተመለሰበት። ምክንያቱ ምንድን ነው? አይታወቅም። የቀረ ሌላ መድኃኒት አለ? የለም። በሙከራ ላይ ያለስ? የለም። ይህን መልስ የሰጡት ዶክተር ስለ በሽታው ከማንም በላይ የሚያውቁ ሰው ስለነበሩ፣ ሌላ የሚጠየቅ ሰው አልነበረም። ኬሞቴራፒው አሁንም አተረፈው፤ ይሁንና ከሰባቱ መድኃኒቶች መካከል ልብን የሚጎዳ አለበትና ሰው በዕድሜው ሊወስደው የሚችለው መጠን ገደብ አለው።

እስከዚህ ድረስ ዴቪድ ይጠብቅ ነበር። አንድ ቦታ፣ አንድ ቤተ ሙከራ ውስጥ፣ አንድ ሰው ስለ እሱ በሽታ እየደከመ ነው ብሎ ያምን ነበር። እኛም ሁላችን እንዲህ እንደምናስብ ልብ ይሏል። ነገሩን ሲመረምረው ያገኘው ሌላ ነው። ሐኪሞቹ በየአገሩ ተበታትነዋል። አንዱን ነገር በተለያየ ስም ይጠሩታል። የደምና የንፍፊት ናሙናው በየማቀዝቀዣው ተቀምጧል፤ የአንዱን ሌላው አያየውም። በሽታው በዓለም የበሽታዎች መዝገብ ላይ የራሱ መለያ ቁጥር እንኳ አልነበረውም፤ ቁጥሩን ያገኘው በ2016 ነው። ቁጥር የሌለው ቤት ደብዳቤ አይደርሰውም፤ ቁጥር የሌለው በሽታም እንዲሁ ስንት ሰው እንደያዘ የሚቆጥርለት የለም።

ከዶክተር ቫን ሬ ጋር ሆኖ በ2012 የካስልማን በሽታ ተባባሪዎች ማኅበር አቋቋመ። አሠራሩ ከተለመደው የተለየ ነበር። ገንዘብ ሰብስቦ የምርምር ማመልከቻ ከመጠበቅ ይልቅ፣ በመጀመሪያ ሐኪሞችን፣ በሽተኞችንና ቤተሰቦቻቸውን «ሊመለስ የሚገባው ጥያቄ የትኛው ነው?» ብሎ ጠየቀ። ከዚያ ለእያንዳንዱ ጥያቄ የሚችለውን ተመራማሪ ፈለገ። በመጀመሪያ የተጠየቁት ከአልጋው አጠገብ የከረሙት ሰዎች መሆናቸውን እኛ በግላችን የሥራው ትልቁ ቁም ነገር አድርገን እናየዋለን።

ተማሪው ዴቪድ በ2013 በሐኪምነት ተመረቀ። ከዚህ ወዲያ እኛም እንደ ወጉ ዶክተር ዴቪድ እንበላቸው።

በተመረቁበት ዓመት መጨረሻ ላይ ለአምስተኛ ጊዜ ወደቁ። አምስቱም ጊዜ ለሞት ያደረሱ ነበሩ። ሠርጋቸው ለግንቦት 2014 ተቆርጧል። በዚህን ጊዜ ግን በእጃቸው ከበፊቱ የተለየ ነገር ነበር፤ ለወራት በየጊዜው ያስቀመጡት የገዛ ደማቸው ናሙና፣ የተከማቸ የምርመራ ወረቀት፣ የንፍፊታቸው ቁራጭ። ደማቸው በሽታው ከመነሣቱ በፊትና ሲነሣ ምን እንደሚመስል አስተያዩት። ሁለት ነገር አገኙ። ቲ የሚባሉት የመከላከያ ሕዋሳት ገና ሕመሙ ሳይሰማቸው አስቀድመው ይነሣሣሉ። አዲስ የደም ሥር የሚያበቅለው ንጥረ ነገርም እጅግ ይጨምራል።

ቀዮቹ ነጥቦች ትዝ ይበሉን። ዶክተር ዴቪድ በመጀመሪያ በተኙበት ሰሞን ለሚያክሟቸው ደጋግመው ቢያሳዩአቸውም፣ ጉበቱና ኩላሊቱ እየደከመ በነጥብ ጊዜ አናጥፋ ተብለው ነበር። ነጥቦቹ ግን አለቦታቸው የበቀሉ ጥቃቅን የደም ሥሮች ናቸው። በላቦራቶሪ ከሦስት ዓመት በኋላ የተነበበውን ቆዳቸው ቀድሞ ጽፎት ኖሯል።

ሁለቱም ምልክቶች ወደ አንድ አቅጣጫ አመለከቱ፤ በሕዋስ ውስጥ ኤምቶር ወደሚባለው የትእዛዝ መስመር። ይህን መስመር የሚዘጋ መድኃኒት ደግሞ ድሮውኑ አለ። ስሙ ሲሮሊመስ ነው። አመጣጡም ተረት ይመስላል። በ1964 ወደ ፓሲፊክ ውቅያኖስ ተጉዞ ኢስተር ደሴት የደረሰ የካናዳ ጓድ ከደሴቲቱ አፈር ናሙና ዘግኖ ይመለሳል። አፈሩ ውስጥ ከተገኘ ረቂቅ ተሕዋስ መድኃኒቱ ተቀመመ፤ የአገሬው ሰዎች ደሴታቸውን ራፓ ኑዪ ስለሚሏት ራፓማይሲን ተባለ። ከ1999 ጀምሮ ኩላሊት የተተከለላቸው ሰዎች ሰውነታቸው አዲሱን ኩላሊት እንዳይገፋ በአሜሪካ ሲታዘዝ ኖሯል። ዶክተር ዴቪድ በየጊዜው ሲታከሙባቸው ከነበሩት ሆስፒታሎች ራቅ ሳይል፣ በየመድኃኒት ቤቱ መደርደሪያ ላይ ነበረ። ለካስልማን ግን የሞከረው አልነበረም።

ከሐኪሞቻቸው ጋር ተማክረው በ2014 መጀመሪያ ላይ መውሰድ ጀመሩ። በግንቦት ተዳሩ፤ ከኬሞቴራፒው ወዲህ ፀጉራቸው ገና በወጉ አልበቀለም ነበር። በ2018 ሴት ልጅ ወለዱ። በሽታው ከዚያ ወዲህ ከአሥር ዓመት በላይ አልተመለሰም።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ሳናሳስብ ብናልፍ ጥሩ አይሆንም። ሲሮሊመስ የሰውነትን የመከላከያ ኃይል የሚቀንስ መድኃኒት ነው። ዶክተር ዴቪድ ከጎረቤት መሳቢያ አውጥተው አልዋጡትም፤ በምርመራ አስደግፈው፣ ሐኪም አዝዞላቸው፣ ደማቸው እየታየ ነው የወሰዱት። ሁሉም የሚሻለውም አይደለም፤ ለአንዱ የካስልማን በሽተኛ የሠራው ለሌላው ሳይሠራ ቀርቷል።

ለእናቶችና በሥራ ለሚውሉ ቤተሰቦች ግን ከዚህ ታሪክ የሚወሰድ ተግባር አለ፤ እሱም የወረቀትና የማስተዋል ነገር ነው። ብዙዎቻችን ልጅ ሲታመምብን ሰኞ አንድ ክሊኒክ፣ ሐሙስ ሌላ ክሊኒክ እንሄዳለን፤ በየሄድንበት አዲስ ካርድ እናወጣለን። የቀድሞው ውጤት ቁም ሣጥን ውስጥ ነው፤ ወይም ልጁ ሥሎበታል። አዲሱ ሐኪም ከዜሮ ይጀምራል፤ ደም ዳግመኛ ይቀዳል፤ ገንዘቡም ይወጣል። ትኩሳቱ በየትኛው ቀን ጀመረ? ሌሊት ይብሳል ወይስ ቀን? ከሐኪም ቤት በፊት ምን ተሰጠው? የቤት መድኃኒቱም፣ ከመድኃኒት ቤት ያለ ማዘዣ የተገዛውም ሳይቀር መነገር አለበት። እነዚህን በአንድ ደብተር ላይ መጻፍ፣ ወረቀቶቹንም በአንድ ፌስታል ይዞ መሄድ ለሐኪሙ ግማሽ ሥራ ነው። እዚህ ግባ የማይባል የሚመስል ሽፍታም ቢሆን ይነገር። ሐኪሙ ቢያልፈው እንኳ ቀኑ ተመዝግቦ ይቀመጥ።

ሐኪሙ «አላወቅሁትም» ያለ እንደሆነም አንቆጣ። ይህን ለማለት የሚደፍር ሐኪም ብርቅ ነው፤ ለማስደሰት ብሎ ስም ፈጥሮ ከሚሰጠን ይልቅ እሱ ይሻለናል። «እስካሁን የትኛው በሽታ አለመሆኑ ተረጋገጠ? ቀጥሎ ምን ይታያል? ይህን የሚያውቅ ማን አለ?» ብለን መጠየቅ እንችላለን፤ ድፍረት አይደለም። ዶክተር ዴቪድም ለዶክተር ቫን ሬ ያቀረቡት ጥያቄ ከዚህ ብዙ የራቀ አልነበረም።

እሳቸው ዛሬ የሚደክሙት ለራሳቸው በሽታ ብቻ አይደለም። በ2022 ከሁለት ባልደረቦቻቸው ጋር ሌላ ድርጅት አቋቁመዋል። ሥራውም ለአንድ በሽታ ተፈቅደው በመደርደሪያ ላይ ያሉትን መድኃኒቶች ከሌሎች በሽታዎች ጋር በኮምፒዩተር እያገናዘቡ የሚያድኑትን መፈለግ ነው። የመድኃኒት ፋብሪካዎች በዚህ ሥራ ብዙም አይደክሙም። የባለቤትነት መብቱ ያለፈበት መድኃኒት አዲስ ጥቅም ቢገኝለት ማንም ቀድቶ ሊሸጠው ስለሚችል ትርፉ ትንሽ ነው። በሽተኛው የሚሞተው መድኃኒት ጠፍቶ ሳይሆን ፈላጊ ጠፍቶ የሚሆንበት ጊዜ አለ ማለት ነው።

በ2025 በታተመ የሕክምና ዘገባ ላይ፣ እንደ እሳቸው በካስልማን የተያዘ፣ የሚታወቀው ሕክምና ሁሉ አልሠራ ብሎት የመጨረሻ ቀኖቹን ይጠባበቅ የነበረ አንድ በሽተኛ በዚህ አሠራር በተገኘ መድኃኒት መዳኑ ተገልጿል። መድኃኒቱ አዳሊሙማብ ይባላል። ለመገጣጠሚያ ቁርጥማት ከ20 ዓመት በላይ ሲታዘዝ የኖረ ነው።